የአክስቴ ዙልማ ይርጋ

አክስቴ ዙልማ ቀን የምትቆጥረው በቅበላ ነው። እኛ የሉዊዚያና ሜዳ ሰዎች አብዛኞቻችን እንዲሁ ነን፤ ልጅ ተወለደ ሲባል «ከቅበላ በፊት ነው በኋላ?» ብለን እንጠይቃለን። ቅበላ ግን ፋሲካን እየተከተለ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ደግሞ አይከተለውም።

አምና ቅበላ ባለፈ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ባቄላ ስትቀቅል፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስቷ ክዳኑን ራሱ አፈናጥሮ ቀኝ እጇን አቃጠላት። ጣቶቿ ተቆልምመው ቀሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በዳንስ ቤት ቫዮሊን የምትጫወት ሴት ነበረች። ሐኪሙ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት ጣቶቿ አይዘረጉም ብሏል፤ የዚያን ወጪ የሚችለው ደግሞ ድስቱን የሠራው ኩባንያ ብቻ ነው።

የኩባንያው ሰውዬ በየወሩ ይደውልላታል። ድምፁ ማር ነው። «ትንሽ ይታገሡን እመቤቴ፣ ጠበቃ ምን ያደርግልዎታል? እኛው እንጨርሰዋለን» ይላታል። ለገና ስጦታ ላከላት፤ ያንኑ ዓይነት ድስት! እኔ ብሆን በፖስታ መልሼ እልክለት ነበር። እሷ ግን አመስግና ለዶሮዎቿ ውኃ ማጠጫ አደረገችው።

ዘንድሮ በቅበላ ማክሰኞ ጠዋት ቤቴ መጥታ ወጥ በግራ እጇ ስታማስል፣ «ያ ሰውዬ ሊጨርስልኝ አይደለም። በዓሉ ይለፍና ጠበቃ ጋ ውሰጂኝ» አለችኝ።

«ለመክሰስ አንድ ዓመት ብቻ እንዳለሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ እንጂ። ገና አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀረኛል።»

«ከምን ቆጥረሽ?»

«ከቅበላ ነዋ።»

የአምናውን ቀን መቁጠሪያ ከግድግዳው አወረድኩ። ሥዕሉን ስለምወደው አልጣልኩትም ነበር። አምና ቅበላ የዋለው ፌብሩዋሪ ዘጠኝ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲጨመርበት ሃያ ስምንት። ዛሬም ፌብሩዋሪ ሃያ ስምንት ነው።

«አክስቴ፣ ዓመትሽ ዛሬ ያልቃል።»

ማማሰያውን አስቀመጠች። «ዛሬ እኮ ፍርድ ቤት ዝግ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ደሜ ፈላ። በሰውዬውም በእሷም ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ ግን በራሴ። ዓመቱን ሙሉ የሌላ ሰው ልጆችን በምነዳው አውቶቡስ ትምህርት ቤት በሰዓቱ ሳደርስ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ጉዳይሽ የት ደረሰ አላልኳትም።

የከተማችን ብቸኛ ጠበቃ ክሎቪስ ጊድሪ ነው፤ እሱም ከፈረሰኞቹ ጋር ወጥቷል። በቅበላ ወንዶቹ ጭንብል አጥልቀው በፈረስ ከቤት ቤት እየዞሩ ለማታው ወጥ ዶሮ ይለምናሉ። ጭንብል ያጠለቀን ሰው በስሙ መጥራት ነውር ነው። አክስቴን በመኪናዬ ጭኜ ተከተልኳቸው። አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ስንደርስባቸው ሠላሳ ጭንብል ጭቃ ለጭቃ አንድ አውራ ዶሮ ያባርራል።

አክስቴ ወርዳ ድምጿን ከፍ አደረገች። «የማንንም ስም አልጠራም። ከእናንተ መሃል ስለ ይርጋ፣ ስለ ክስ ጊዜ ገደብ፣ የሚያውቅ ሰው ካለ ግን፣ እጄ የተቃጠለው አምና በዛሬዋ ቀን ነው።»

ሁሉም ቆመ፤ አውራ ዶሮው አመለጠ። አንዱ ጭንብል ድምፁን አቅጥኖ፣ «የት ሆነሽ?» አላት። ጭንብል አንቱታ አያውቅም።

«ምድጃዬ አጠገብ።»

«አውራጃውን ነው የጠየቅኩሽ።»

ፈረሰኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ጠበቃ ጭንብል ቢያጠልቅም መስቀለኛ ጥያቄ አይተውም።

«እዚሁ አውራጃ ነው።»

«ታዲያ ምን አስሮጠሽ? በዚህ አውራጃ ዛሬ በሕግ የታወቀ በዓል ነው። የይርጋው መጨረሻ በዓል ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ ነይ።»

«እርግጠኛ ነህ?» አልኩት።

«ዶሮ ለመያዜ አይደለሁም፤ ለዚህ ግን ነኝ።»

ጭቃው ላይ ዘጭ ብዬ ሳቅኩ። «ቅበላ አሳሳተኝ፣ ራሱ ቅበላ ካሰኝ» አለች አክስቴ።

በማግስቱ ጾም ገባ። ክሎቪስ ግንባሩ ላይ ቄሱ የቀባውን የጾም መግቢያ አመድ፣ ዓይኑ ውስጥ የትናንቱን መጠጥ ይዞ ክሱን ጻፈ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ መዝገብ ቤቱ መስኮት ፊት ቆምን። አክስቴ የምትፈርምበት ወረቀት ነበር። ብዕሩን በቀኝ እጇ ያዘች፤ ወደቀባት። አነሳሁላት፤ ደግሞ ወደቀ።

«በግራዎ ቢፈርሙም ይሆናል» አለች ጸሐፊዋ።

«የተጎዳው ይኼኛው ነው» አለች አክስቴ። «ከሳሹ እሱ ነው፤ እሱ ይፈርም።»

ጸሐፊዋ ወንበር አቀረበችላት። «ይረጋጉ እማማ፤ የምንዘጋው አሥር ሰዓት ተኩል ነው።»

አክስቴ ተቀመጠች። ዙልማ ማሪ ቴሬዝ ፎንቴኖ ብላ አንድም ስም ሳታስቀር ጻፈች። ማኅተሙ ሲያርፍበት ያለቀስኩት እኔ ነኝ።