በብረት የተማለው ግማሽ ቃል

ሾዲፔ በአቤኦኩታ ከተማ፣ ከትልቁ አለት ሥር ባለች ሱቁ ጠመንጃና ባሩድ ይሸጥ ነበር። እንግሊዞቹ ፈቃድ ሲሰጡት ትልቅ መዝገብም ጨምረው ሰጥተውታል፤ ማን ምን እንደገዛ፣ በጠመንጃው ላይ የተመታው ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ጠመንጃው ለሌላ ሰው ሲተላለፍም ለማን እንደሆነ የሚጻፍበት። ሾዲፔ ሽያጩን አንድም ሳያስቀር ይጽፋል። አባት ለልጁ፣ ወንድም ለወንድሙ ሲያስተላልፍ ግን፣ "ይኼ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ነጩን ምን አገባው?" ብሎ ያልፈዋል።

ሽማግሌው አዳኝ ኦጉንዴጂ ጠመንጃውን ለልጁ ባል ለአካኒ የሰጠ ዕለትም፣ ሾዲፔ ድግሱ ላይ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ነው የተመለሰው፤ መዝገቡን አልከፈተም።

ኋላ ገበሬው ግብሩ መሮት ተነሣ። ሐዲድ ተነቀለ፤ ፖሊስ ቆሰለ። ወታደር ገብቶ ነገሩ ሲበርድ ሐዲዱ አጠገብ የተጣለ ጠመንጃ ተገኘ። ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ሲተያይ የኦጉንዴጂ ስም ወጣ፤ ሽማግሌው ተይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ።

ሾዲፔ ለምስክርነት ተጠርቶ፣ እንደ አገሩ ደንብ ቢላዋ ከንፈሩን አስነክተው በብረት አስማሉት።

"ይህን ጠመንጃ ለማን ሸጥክ?" አለው ዳኛው በአስተርጓሚ።

"ለኦጉንዴጂ።"

"ለሌላ ሰው መተላለፉን መዝገብህ ያሳያል?"

ሾዲፔ ቀና ሲል ኦጉንዴጂ ዐይን ዐይኑን ያየዋል። ሽማግሌው ተወው እንደማለት ራሱን በቀስታ ወዘወዘ። አካኒ ከሕዝቡ መካከል ቆሟል፤ ሚስቱ ሕፃን አዝላለች። እውነቱ ከወጣ ወህኒ የሚወርደው አካኒ፣ ፈቃዱን የሚነጠቀው ሾዲፔ ነው።

"መዝገቡ አያሳይም" አለ።

ኦጉንዴጂ ሦስት ዓመት ተፈረደበት።

ሾዲፔ ያም ከሚባለው ሥራሥር የተሠራ ገንፎ ይዞ ወህኒ ቤት ይመላለስ ጀመር። አንድ ቀን አላስችል አለው።

"ግማሹን ነው የማልኩት። ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።"

"ታዲያ ዋጠዋ" አለ ኦጉንዴጂ፣ ገንፎውን እየቆረሰ። "እኔ ጥርሱ ያለቀ ውሻ ነኝ፤ ከእንግዲህ ምን አድናለሁ? ልጄ ግን ባል ያስፈልጋታል።"

"እኔ እኮ ዝም ያልኩት ለልጅህ ብዬ ብቻ አይደለም።"

"አውቃለሁ። ሱቅህን ስትወድ አላውቅህም?" ሳቀ፤ ሳቁን ሳል ቆረጠው።

ያ ሳል አልለቀቀውም። ዝናቡ ሳይገባ ሬሳውን ለቤተሰቡ አስረከቡ።

አዳኝ ያለ ተኩስ አይቀበርም። የአገሩን ጠመንጃ ግን መንግሥት ለቅሞ ወስዶታል፤ ባሩድ መሸጥም ያለ ልዩ ፈቃድ ተከልክሏል። አዳኞቹ አካኒን ይዘው ሾዲፔ ደጃፍ መጥተው ለቀብሩ ባሩድ ጠየቁት።

"ጋሼ፣ እጄን ልስጥ" አለ አካኒ። "ጠመንጃው የኔ ነበር ልበላቸው።"

"ሰውየው በነፍሱ የገዛልህን ልትጥለው ነው? ተው፣ ልጆችህን አሳድግ።"

ሾዲፔ ይህን ብሎ የባሩዱን በርሜል እያንከባለለ አወጣላቸው። አዳኞቹ ባሩዱን በአለቱ ስንጥቆች ውስጥ ጠቅጥቀው እሳት ለኮሱበት። ድምፁ ከአለት አለት እየተላተመ ሲወርድ የኦጉንዴጂ ልጅ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

የአውራጃው ሹም ሲመጣ ሾዲፔ አልተከራከረም፤ መዝገቡን ገልጦ ሰጠው። "አንድ በርሜል ባሩድ፣ ለኦጉንዴጂ ቀብር፣ ያለ ዋጋ፣ ያለ ፈቃድ" ይላል በእጁ ጽሕፈት።

"ይህን ራስህ ጻፍከው?" አለ ሹሙ ግራ ገብቶት።

"እኔ ነኝ።"

ፈቃዱ ተነጠቀ፤ ሱቁም ታሸገ። ሾዲፔ ገበያ ዳር መደብ ይዞ ጨውና ክብሪት እየሸጠ ኖረ። የጠመንጃው ነገር በእሱና በአካኒ መካከል ቀረ። አካኒ በመከር ያም ተሸክሞ ይመጣለታል፤ ሾዲፔም ለልጆቹ ጨው ቋጥሮ ይሰጠዋል።