ወራጅ አለ

የጊንጪው ኦቦ ጉርሙ ልጅ ጣቢታ ኦቲዝም ያለባት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ወራጅ አለ!» ከአውቶቡስ የለቀመችው ነው። ሲርባትም ሲከፋትም ሲደላትም ያው ነው። አንድ እሑድ ስብከት መሃል ብትጮኸው ፓስተሩ «አሜን» ብሎ ወርዶ ቤቱ ገባ ይባላል። ለቅሶ ላይ ብትለው ደግሞ ሬሳው ቀና አለ የሚሉ አሉ።

ከዚያ የሚጥል በሽታ መጣባት። ጎረቤት ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ቢይዝላት አልረዳትም። አምቦ የታዘዘላት ኪኒን ግን መውደቁን ቀጥ አደረገው፤ ቃሏንም አብሮ አስተኛው። ይኸው ሦስት ወሯ። ጉርሙ ያቺን ጩኸት እንደ ዝናብ ናፈቀ።

ዛሬ አምቦ ወስዷት ነርስ አያንቱን፣ «ኪኒኑን ላቋርጠውና ድምፅዋን ልስማ?» አላት።

«ኧረ ኦቦ ጉርሙ! በድንገት ካቋረጡት ይብስባታል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ በሌላ ይቀይርላታል፤ እስከዚያ አንድ ቀን እንዳይዘሉ!»

ሲመለሱ አውቶቡሱ ጊንጪ ደረሰ። ጉርሙ አፉን ዘግቶ የልጁን ከንፈር ይጠብቅ ጀመር። ቤታቸው አለፈ፤ ገበያውም አለፈ።

«ኦቦ ጉርሙ፣ ቤት ቀየሩ እንዴ?» ሹፌሩ ሳቀበት።

ጣቢታ ዝም እንዳለች አንገቷን ጠምዝዛ ወደ ቤታቸው ታያለች፤ የአባቷንም ኮት ትጎትታለች።

ከጊንጪ ቀጥሎ ያለችው ከተማ ኦሎንኮሚ ወረዱ። የኪኒኑ ሰዓት ደርሷል። ጉርሙ ከሻይ ቤት ውኃ ለምኖ፣ «በይ እናቴ፣ እጠብቅሻለሁ» አለና አስዋጣት።