ኖኒ ዝም ስትል

የጠረጴዛው ልብስ ግማሹ ሳይታጠፍ የኖኒ ቀኝ ክንድ ከዳት። ጫፉ አምልጧት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወለል ላይ ወደቀ፤ ትከሻዋን ይዛ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

"አሁንም አልተሻለሽም?" አለች ሌላውን ጫፍ የያዘችው ዲምፕና።

"ፊዚዮቴራፒ ካልሄድሽ አይድንም ተብያለሁ። በጡረታ ገንዘብ? እኔ እንዳንቺ ሊመሪክ የሚያሸኝ ሽማግሌ ወዳጅ የለኝ!"

ዲምፕና ሳቀች። ሽማግሌ የሚባል የለም። በየሳምንቱ በአውቶቡስ ትልቁ ከተማ ሊመሪክ ድረስ የምትሄደው መድኃኒቷን ልትወስድና ጉልበቷን ልትታሽ ነው። በልጅነታቸው በመነኮሳይያት የልብስ ማጠቢያ ቤት ተቆልፎባቸው ያለ ደመወዝ ለሠሩ ሴቶች መንግሥት ከካሳው ጋር የሰጠው የሕክምና ካርድ አላት፤ ሁሉም በነፃ ነው። በዚህች ትንሽ ከተማ ግን ካርዱን አውጥታው አታውቅም። የት እንዳደገች ከታወቀ፣ አብረዋት የሚያስቀድሱት ሰዎች ዓይናቸው እንዳይለወጥ ትፈራለች።

ኖኒ ተነሥታ ጫፉን በግራ እጇ ያዘች። ወዲያው ዝም አለች።

ኖኒ የከተማው ሬዲዮ ናት፤ ቀብር ላይ እንኳ አፏ አይዘጋም። ጨርቅ ስታጥፍ ግን ትንፍሽ አትልም። ጠርዙን ወደ ውስጥ ትመልሳለች፣ እጥፋቱን በክርኗ ትጫናለች፣ አንገቷን ደፍታ ቀጣዩን ትጠብቃለች። ዲምፕና ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። እዚያ ማጠቢያ ቤት እያጠፈች ያወራች ልጅ እራት አታገኝም ነበር። ስንት ዓመት አይታ እንዳላየች አልፋዋለች፤ የሰው ቁስል ባለቤቱ ሳይገልጠው አይነካም።

ይህ ትከሻ ግን በዝምታ የሚድን አልሆነም።

"ነይ እስቲ፣ መድኃኒት ቤት አድርሺኝ" አለቻት።

"ሊመሪክ ቀረ?"

"ሽማግሌው ታሟል።"

መድኃኒት ቤቱ ወረፋ ነበረው። ተራዋ ሲደርስ ዲምፕና በልቧ አማትባ ካርዱን ባንኮው ላይ አስቀመጠች። ባለመድኃኒቱ ሮናን አየውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ ዲምፕና፣ ወደ ውስጥ ገብተን እንነጋገር?"

"እዚሁ ይሻላል፣ ልጄ። በልጅነቴ የመነኮሳይያቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበርኩ። ይሄ የካሳችን ካርድ ነው፤ ፊዚዮቴራፒም ያካትታል። ያላመለከተች ዛሬም ማመልከት ትችላለች።"

ወደ ኖኒ አልዞረችም፤ እንዳታሳብቅባት። ከኋላቸው ስታወራ የነበረችው የመዘምራኑ መሪ ሚስት ወሬዋን አቋረጠች።

ኖኒ ዝም አለች፤ በእጇ ምንም ጨርቅ ሳይኖር። ቆይታ ወደ ዲምፕና ጆሮ ጠጋ አለች።

"ያ ሽማግሌሽ ለትከሻም ይሆናል?"

"ይሆናል እንጂ።"

"አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው?"

"አውቶቡስ ምን ያደርግልናል" አለች ዲምፕና። ካርዱን ከባንኮው ላይ ሳታነሣ ወደ ባለመድኃኒቱ ዞረች። "ሮናን፣ እዚሁ ከተማ ጉልበት የሚያሽ ማን አለ?"

"ትከሻም" አለች ኖኒ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ።