የጠፉት ሃያ ስምንት ድምፆች

በሰፈራችን እንደ እኔ ፈጥኖ የሚቆጥር ሰው የለም። ለጉራ አይደለም የምለው። ትምህርቱን ከአምስተኛ ክፍል አላሳለፍኩትም እንጂ፣ በአክስቴ ልብስ ስፌት ቤት አንድ ጆንያ ቁልፍ ሳላይ በጣቴ ብቻ ቆጥሬ እጨርሳለሁ። እያወራሁ እቆጥራለሁ፤ እየተሰደብኩም እቆጥራለሁ።

አክስቴ ለአካባቢው ምክር ቤት ስትወዳደር ወኪሏ አድርጋ ምርጫ ጣቢያ ያስቀመጠችኝም ለዚህ ነው። አስራ ስምንት ከሞላኝ ወር አልሆነኝም ነበር። ተፎካካሪዋ ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰፈሩ ምላጭ ይለዋል። ምላጭ ለመንደሩ መግቢያ ቅስት ያለው በር አሠራለሁ ብሎ ቃል ገባ። አክስቴ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደጃፋችን ያለው ክፍት ቦይ እንዲከደን። ዝናብ በጣለ ቁጥር የሰው ሱሪ አቅፈን ጠረጴዛ ላይ የምንወጣው እኛ ነና።

ቆጠራው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ መምህር ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ውለው እግራቸው አብጧል። ወረቀቶቹን በየተወዳዳሪው ለይተው ከከመሩ በኋላ፣ የአክስቴን ክምር ለእኔ፣ የምላጭን ለወኪሉ ሰጡንና አስር አስሩን በላስቲክ እየጠቀለልን እንድንመልስላቸው ነገሩን። ደንቡ ይህን እንደማይፈቅድ ያወቅሁት በኋላ ነው። የምላጭ ወኪል ጣቱን በምራቁ እያረጠበ ሲንፏቀቅ እኔ ጨርሼ ጥፍሬን እያየሁ ነበር። መምህሩ ጥቅሎቹን ቆጥረው በአስር አባዙ፤ ትርፉን ደመሩ። አክስቴ መቶ አርባ ሰባት፣ ምላጭ መቶ ስልሳ ሦስት። ተሸነፍን።

በማግስቱ ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። የመራጮች መዝገብ ላይ የፈረመው ሰው ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት ነው። የተቆጠረው ድምፅ ሦስት መቶ አስር። ሃያ ስምንቱ የት ገባ? መንገዱን ተሻግሬ ምላጭን ደንበኛው ፊት፣ ያውም ግማሽ ጢሙን የተላጨ ደንበኛ ፊት፣ የሰረቅኸውን ወረቀት የትኛው ኪስህ ውስጥ ነው የደበቅኸው አልኩት። ወደ ቀረው ግማሽ ጢም ዞረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ቀረ፤ ሁልጊዜ እኛ የምንሰፋለትን ለደንበኛ የሚያለብሰውን ጨርቅም ለሌላ ሰፊ ሰጠ።

አክስቴ ፍርድ ቤት አቤቱታ አስገባች። እኔ ስርቆት የሚለው ቃል ይግባበት ብዬ ሙጭጭ አልኩ፤ እሷ አሰረዘችው። ቁጥሩ አልገጠመም፣ ተከፍቶ ይቆጠርልን፣ ይኸው በቃ አለች።

የቀጠሮው ቀን ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ኮሮጆው እዚያው ፊታችን እንዲከፈት አዘዙ። የሚቆጥሩት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ነበሩ፤ እጃቸው ዝግ ያለ፣ እያንዳንዱን ወረቀት ገልብጠው የሚያዩ ሴትዮ። ከምላጭ ጀመሩ። አስራ ስድስት ጥቅል፣ እያንዳንዱ አስር፣ ትርፍ ሦስት። መቶ ስልሳ ሦስት። አንድም ወረቀት አልጨመረ። ሰውየውን እኮ በአደባባይ ሌባ ብዬዋለሁ።

ቀጥሎ የእኛን የመጀመሪያ ጥቅል ፈቱ። ቆጠሩ። ቆም አሉና እንደገና ቆጠሩ። አስራ ሁለት። ሁለተኛውም አስራ ሁለት። ሦስተኛው ላይ አክስቴ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። እጅጌ ገልብጬ የሰፋሁ ቀን የምታየኝ አስተያየት ነው።

ዳኛዋ እነዚህን የጠቀለለው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ።»

«አስር ተብለሽ አስራ ሁለት ያደረግሽው ለምንድን ነው?»

«ሱቃችን ውስጥ ቁልፍ የምንጠቀልለው በደርዘን ነው። እጄ ለምዶበት ነው እንጂ እኔስ አስር መስሎኝ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ምላጭ ነው። ከዚያ ችሎቱ በሙሉ፤ ፖሊሱ እንኳን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዳኛዋ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁና፣ ተጠርተው የመጡትን መምህር በወኪል እጅ አስጠቅልለው፣ ጥቅሉን ሳይፈቱ በማባዛታቸው ወረፏቸው። አስራ አራት ጥቅል፣ በየጥቅሉ ሁለት ትርፍ፤ ሃያ ስምንቱ ድምፅ ከላስቲኩ ሥር ተገኘ። ትርፉ ሰባት ሲደመር አክስቴ መቶ ሰባ አምስት አገኘች። ወንበሩ የእሷ ነው ተብሎ ተወሰነ። ያሸነፈችው በስንት እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ በአስራ ሁለት።

ግቢው ውስጥ ምላጭ መጣ። አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ስለው ኪሱን ገልብጦ አሳየኝና፣ ደርዘን ብሎ ስም አወጣልኝ። ለአክስቴም እንኳን ደስ ያለሽ ካለ በኋላ፣ አዲሱ ሰፊ የጨርቁን አንገት አጥብቦበት ደንበኞቹ ሊታነቁ መሆኑን ነገራት። እሷም በማግስቱ ይዞላት እንዲመጣ ነገረችው።

አሁን ቦያችን ተከድኗል። ከዝናብ በኋላ ክዳኑ ላይ በደረቅ ጫማ ቆሜ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ታሪኩን እነግራለሁ። ትናንት አንዲት ቀሚስ ልታስጠብብ ለመጣች ሴት፣ ይህ ሁሉ የሆነው በእኔ ጣት ነው፣ እኔ ባልኖር አክስቴ ወንበሩን አታየውም ነበር እያልኩ ስነግራት፣ አክስቴ አፏ ውስጥ የያዘቻቸውን መርፌዎች አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አንቺ ባትቆጥሪ ኖሮ የዚያኑ ቀን አሸንፌ ነበር።»