የቀበሌው ስኳር

ዘውድነሽ የደነዘዘ ቀኝ እግሯን አንሥታ፣ ከኋላዋ የቆመችውን የጎረቤቷን የለተጊዮርጊስን ትከሻ ተደግፋ ነበር። የቀበሌው ሱቅ ገና አልተከፈተም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በተራዋ ድንጋይ አስቀምጣ ቤቷ ደርሳ ትመለስ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን በድንጋይ ተራ ጠብ ተነሥቶ ሰው ስለተፈነከተ፣ ሊቀመንበሩ ከእንግዲህ የሚሰለፈው ሰው ብቻ ነው ብሎ አዟል።

«ድንጋዩስ ተገላገለ» አለች ለተጊዮርጊስ። «የሚቆረጥመው እግር የለው።»

ስኳሩ ለአካሉ ስንቅ ነው። አካሉ፣ አንድ ልጇ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይሄዳል። ገብሱን ቆልታ በሶ አስፈጭታለች፤ የጎደለው ስኳር ነው። ከዳገቱ በታች በነጋዴው በዳዳ ሱቅ ስኳር ሞልቷል፤ ዋጋው ግን የቀበሌውን እጥፍ ነው። የሚተርፋትን ብር ቋጥራ ይዛ፣ ልጇ መኪናው ላይ ሲወጣ እጁ ውስጥ ልታኖርለት አስባለች። ለማንም አልነገረችም።

ሱቁ ተከፍቶ ሰልፉ ትንሽ እንደተንቀሳቀሰ አካሉ መጣ። የአጎቱን ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ረዝሞበታል።

«እማዬ፣ መኪኖቹ ደርሰዋል።»

«ከሰዓት አይደል ያሉት?»

«እነሱ ያሉት መቼ ልክ ሆኖ ያውቃል? ነይ፣ ቤት ትንሽ እንቀመጥ።»

ዘውድነሽ ከፊቷ የቀሩትን ሴቶች አየች። ያን ያህል አይበዙም። «እዚህ ከደረስኩ በኋላ ትቼው ልሂድ?»

«በሶውን በጨው እበላዋለሁ።»

«በጨው? እናት እንደሌለው?»

አካሉ ሳቀ። የተንሸራተተ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰላትና «እሺ፣ አትቸኩዪ» ብሎ ቁልቁል ወረደ። እሺ በማለቱ ደስ አላት።

ከዚያ ጆንያው አለቀ። ሌላ ጆንያ ከመጋዘን ይምጣ ተባለ፤ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነበር። ለተጊዮርጊስ የቀበሌ ካርድሽን ስጪኝና እኔ ልቀበልልሽ ብትላትም፣ ሻጩ አንድ ሰው በአንድ ካርድ ብቻ ነው ብሎ ከለከለ። ዘውድነሽ ሁለት ጊዜ ከሰልፉ ወጣች፤ ሁለቱንም ጊዜ ይህን ሁሉ ቆሜ ብላ ተመለሰች።

ስኳሩን ተቀብላ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ስትሮጥ ሜዳው ላይ የጎማ ዱካ ብቻ ነበር። ጥቂት እናቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። የአዳራሹ ዘበኛ ጋሽ ዘነበ አያትና ቆቡን አወለቀ።

«አሁን ነው የወጡት» አላት። «ልጅሽ መጨረሻ ነው የተሳፈረው። ዳገት ዳገቱን ሲያይ ቆይቶ፣ እየጮሁበት ወጣ።»

«ምን አለ?»

«እናቴ ስትመጣ ቤቷ ትግባ፣ ፀሐይ ላይ እንዳትቆም አለ።»

ዘውድነሽ የጎማውን ዱካ በዓይኗ ተከተለች። ዘነበ ሊያጽናናት ብሎ ይሆናል፣ ዛሬ ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ያድራሉ ሲባል መስማቱን ነገራት። እውነት ይሁን አይሁን ግን አያውቅም። ካድሬዎቹ ጠዋት የሌላ ቦታ ስም ሲጠሩ ነበር።

ወደ አስፋልቱ ወጣች። ደመናው እንጦጦ ላይ ወርዶ ባሕር ዛፉን ግማሽ ድረስ ሸፍኖታል። በእግር አቋርጣ ብትሄድ ይመሽባታል፤ አውቶቡስ ብትጠብቅ ብዙ ዞሮ ነው የሚያደርሳት። ሰው ያራገፈ አንድ ታክሲ ከላይ ሲወርድ እጇን ዘረጋች።

«ሱሉልታ» አለችው።

ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ትኩር ብሎ አያት። «እዚያ ድረስ ኮንትራት ነው፣ እናቴ። ውድ ነው። ሰው ይጠብቅዎታል?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ በከንቱ ቢሆንስ?»

ዘውድነሽ ገብታ ተቀመጠች። «እንሂድ» አለችና ዋጋውን ሳትጠይቅ በሩን ዘጋች።