ፈጠም አፋፍ ላይ

ባሌ ይሄይስ ፏፏቴ ሲያይ ልቡ ይጠፋል። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ መቆም አልወድም። ያን ቀን ግን ከተነሳን ጀምሮ ትንፍሽ ያላለችው እናቴ፣ "ትንሽ ቢቆም ምን አለበት" ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። ፏፏቴ ደንታ እንደማይሰጣት ስለማውቅ ገረመኝ።

ጉልበቷን አሟት ከሽንዲ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ እኛ ቤት እየወሰድናት ነበር። መኪናዋ የይሄይስ ጓደኛ ያዋሰን አሮጌ ዲኤክስ ናት፤ የእጅ ፍሬኗ አይዝም። እናቴ ከኋላ ወንበር እስከ ዓይኗ በነጠላ ተሸፋፍናለች። አማቿ ፊት እህል አትቀምስም፣ ስሙንም አትጠራም። ይሄይስ ከተማ ያደገ ስለሆነ "ጠልታኝ ነው" ይለኛል። ወጉ እንደዚያ ነው ብዬ ማስረዳት ሰልችቶኛል።

ቡሬ ሳንደርስ ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ የፈጠም ወንዝ ወደ ገደሉ ከሚወርድበት አፋፍ በላይ አቆመ። ሚሌኒየሙ የገባበት መስከረም ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፣ ቁልቁለቱን አደይ አበባ አልብሶታል።

"ጎማው ስር ደህና ድንጋይ አድርግበት" አልኩት።

እግሩ ስር ያገኘውን ቡጢ የምታህል ድንጋይ ወሽቆ "ትበቃለች" አለ። ለበዓሉ የገዛው ካሜራ አስቸኩሎታል። እናቴ አልወርድም አለች።

"እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚሁ ልረፍ።"

ወደ ጎን ጥቂት እንደሄድን የፏፏቴው ድምፅ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ይሄይስ አደዩ መሀል አቁሞኝ ካሜራውን ሲያነጣጥር ፊቱ ተለወጠ። ዞር ስል መኪናዋ ትንቀሳቀሳለች። መስታወቷ በፀሐይ ስላብረቀረቀ ውስጧ አይታይም። መጀመሪያ ቀስ ብላ ነበር፤ ከዚያ እኛ ስንሮጥ እሷም ፈጠነች። ከአፋፉ ወረደች። ስትወድቅ እንኳ አልሰማንም።

"እናቴን ገደልካት" አልኩት። ጆሮው ስር ጮኼ፣ ደጋግሜ ነው ያልኩት።

እሱ ግን ጫማውን አውልቆ በረጠበው ዓለት ላይ ቁልቁል ወረደ። እዚያ ገደል የገባ ከብት ባለቤቱ ለቆዳው እንኳ አይወርድም። ይሄይስ ደግሞ ዋና አይችልም።

በደረቴ ተኝቼ አየሁት። መኪናዋ ታች ተገልብጣ ውሃው ያላጋታል። እግሩ ከዳውና በአንድ ቁጥቋጦ ተንጠለጠለ፤ እንደምንም ቆሞ መውረዱን ቀጠለ። እናቴን አጥቼ እሱንም ላጣ መሆኑ ያኔ ገባኝ። "ተመለስ" ብዬ ጮህኩ። ድምፄን እኔም አልሰማሁትም።

ትከሻዬን የሆነ ሰው ነካኝ። እናቴ ናት። ከላይ ካለው ቁጥቋጦ ወጥታ፣ ቀሚሷን እያስተካከለች ቆማለች። ፊቷን ዳሰስኩት፣ እጇን ጨበጥኩት፤ በሕይወት አለች። ለካ ወርዳ በሩን ስትዘጋው ያቺ ድንጋይ ሸሽታ ኖሯል።

"እማዬ፣ አንቺን ሊያወጣ ነው የወረደ" አልኳት በጆሮዋ። "አይሰማኝም።"

ቁልቁል አየችው። በዚያ ጉልበቷ አልፋኝ ጫፉ ላይ ቆመችና ነጠላዋን ከራሷ ገፈፈች። አማቿ ፊት ፀጉሯን አሳይታ የማታውቅ ሴት፣ ራሷን ገልጣ ነጠላውን ታውለበልብ ጀመር። እኔ ቀሚሷን ጨምድጄ ይዣለሁ። ይሄይስ ቀና አላለም። ውሃው ዳር ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ያን ጊዜ ነጠላውን ጠቅልላ ወረወረችው። አየር ላይ ተፈትቶ እየተንሳፈፈ ወረደና ፊት ለፊቱ ዓለቱ ላይ አረፈ።

አነሳው። ቀና ብሎ አየን። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብሎ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

ሲወጣ ክንዱ ተልጦ ይደማል። እናቴ ፊት ተንበርክኮ ነጠላዋን በሁለት እጁ ሰጣት። ትሸፈንበታለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ክንዱን ይዛ በነጠላው ደሙን ጠረገችለት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ዓይን ዓይኑን አየችው።

"ሽንቴ ይዞኝ ነው የወረድሁት፣ ይሄይስ ልጄ" አለችው። "ከሽንዲ ጀምሮ ይዞኝ ነበር። ለአንተ መናገር አፍሬ ነው።"