እጀ ቀላሉ

የጤና ቢሮው አለቃ የጎረሰውን ኬክ ሳይውጥ ቅባት የነካው ጣቱን ካርታው ላይ አሳረፈ። ከዋናው መንገድ ዳር፣ መጠጥ ቤቶቹ ከተደረደሩበት ሰፈር ላይ ክብ እድፍ ቀረ። ላቦራንቷ ከጣቱ ይልቅ እድፉን አየች። ወረቀቱ ውስጥ እየሰረገ ቀስ እያለ ሲሰፋ አፏን መረር መረር አላት።

«ምንጩ ይኸው!» አለ አለቃው፣ ከከንፈሩ ዳር የቀረውን ክሬም በምላሱ እየሰበሰበ። «እነዚህ ሴቶች አንዱ ቫይረስ አልበቃ ብሏቸው ሁለት ደርበው ለአካባቢው ሁሉ ያድላሉ።»

ተሰብሳቢው ሳቀ።

ካርታው ላይ የተለጠፈው ሁሉ በእሷ እጅ ያለፈ ደም ነው። ለወራት ከመንደር መንደር እየዞረች የቀዳችውም፣ ማሽኑ ላይ የመረመረችውም እሷ ናት። ቀዩ ነጥብ ኤችአይቪ የተገኘበት ሰው ነው። ሰማያዊው ደግሞ ኤችቲኤልቪ የሚባለው፣ የኤችአይቪ የሥጋ ዘመድ የሆነው ቫይረስ ነው። እሱም እንደ ዘመዱ በደም፣ በግብረ ሥጋና በእናት ጡት ወተት ይተላለፋል። ብዙውን ሰው ሳይነካ አብሮት ያረጃል፤ አንዳንዱን ግን ከወገቡ በታች ቀስ በቀስ ያሽመደምደዋል። ሁለቱ ባንድ ሰው ደም ውስጥ ሲገናኙ ቢጫ ነጥብ ይለጠፋል።

ቢጫው መጠጥ ቤቶቹ ሰፈር በርከት ይላል፤ እሱን ማንም አይክድም። ግን እዚያ አይቆምም። መኪና በማይገባባቸው መንደሮች በኩል፣ በእግር መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እዚያ ቢጫ የተለጠፈባቸው ደግሞ አብዛኞቹ ባሎቻቸውን ከቀበሩ ዘመን ያለፋቸው ባልቴቶች ናቸው።

«ባልቴቶቹስ?» አለች፣ ድምጿ እየሰለለ።

«ምን ይሆናሉ? እነሱም እኮ ድሮ ኮረዳ ነበሩ!» አለና አለቃው ዓይኑን ጠቀሰ። ሳቁ እንደገና ክፍሉን ሞላው።

ከምሳ በኋላ የከተማው አስተዳዳሪ መጥተው ውጤቱን ይሰማሉ። ምክረ ሐሳቡ ተዘጋጅቷል፤ መጠጥ ቤቶቹ ይዘጋሉ፣ ሴቶቹ ወደዱም ጠሉም ይመረመራሉ፣ ከዚያም ከከተማው እንዲወጡ ይደረጋል። አለቃው ይህን ሁሉ ባንድ ቃል «ጽዳት» ይለዋል። ቃሉን በጠራ ቁጥር ላቦራንቷ ሳቂታ ትዝ ትላታለች። ሳቂታ ከመጠጥ ቤቶቹ የአንዱ ባለቤት ናት። ደሟን ልትቀዳት የሄደች ዕለት ክንዷን እየዘረጋች «ውሰጂው፣ ግን ስትጨርሺ መልሽልኝ፤ የማበድረው ደም የለኝም» ብላ አስቃታለች። ቤት የሚጠረገው፣ ቆሻሻ የሚጠረገው አንሶ አሁን ደግሞ ሳቂታ ልትጠረግ ነው።

የአለቃው ነገር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ላቦራንቷ ይህን ታውቃለች። ላሟ የዋለችበትንም ታውቃለች። አፏን የለጎመውም ይኸው ነው።

ነገሩ የተገለጠላት ባለፈው ሳምንት ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለ መንደር፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸው አንዲት አሮጊት ደም ስትቀዳቸው ፊታቸውን እንኳ ሳያኮሳትሩ፣ «እጅሽ ሲቀል! ልክ እንደ እጀ ቀላሉ። እሳቸው በብስክሌት እየመጡ ባይወጉን ኖሮ ይሄኔ አፈር ነበርን» አሏት። ደስ አላት። እጀ ቀላሉ አባቷ ነው። ለአሮጊቷ ልጁ መሆኗን ልትነግር አፏን ከፍታ ነበር። በሚቀጥለው መንደርም ስሙ ተነሳ፤ ከዚያ በሚቀጥለውም። ቢሮ ተመልሳ ካርታው ፊት ስትቆም ቢጫ ነጥቦቹን በመንደራቸው ስም አላነበበቻቸውም። ይኼኛው ሸንኮራ የሚመጣበት ገበያ ነው። ያኛው ሎሚ፣ ያ ደግሞ የሸክላ አሻንጉሊት። በልጅነቷ አባቷ መርፌውን ይዞ ከየገበያው ሲመለስ ብስክሌቱ ላይ አስሮ ያመጣላት የነበሩ ናቸው። ካርታው ላይ የተዘረጋው የአባቷ መንገድ ነው።

እና አሁን፣ ጣት ሁሉ ወደ ሴቶቹ ሲቀሰር፣ ልቧ ውስጥ አንዲት ትንሽ እፎይታ ብቅ አለች። «እንኳንም እነሱ ሆኑ» የምትል። ያችን እፎይታ ለይታ ስታውቃት ነው በእውነት ያቅለሸለሻት። ከአለቃው ኬክ፣ ከጥቅሻው፣ ከእድፉ ይልቅ ራሷን ተጸየፈች። ተነስታ ወጣች።

የአባቷ ቤት ከቢሮው ብዙ አይርቅም። በሩን ስትከፍት የአልኮልና የፈላ ውሃ ሽታ ተቀበላት። በልጅነቷ ይህ የንጽሕና ሽታ ይመስላት ነበር። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል።

«አሁንም ትወጋለህ እንዴ?» አለች ሰላምታውን ረስታ። ጉልበቱ ደክሞ ብስክሌቱን ከሰቀለ ወዲህ የተወ መስሏት ነበር።

«መጀመሪያ ደህና ዋልክ ይባላል» አለ አባቷ እየሳቀ። ዕድሜውን በክሊኒክ ድሬሰርነት ጨርሶ ጡረታ የወጣ፣ ሸሚዙን ዛሬም ተኩሶ የሚለብስ ሽማግሌ ነው። «እኔ ባልሄድ እነሱ ይመጣሉ። ምን ላድርግ? ደጄ ላይ የቆመ ሰው ልመልስ?»

«እንዴት እንደምትወጋ አሳየኝ።»

ልጁ ስለ ሙያው በመጠየቋ ፊቱ በራ። ቆርቆሮ ሳጥኑን አወረደና ክዳኑን ከፈተ። ንጹሕ ጨርቅ ላይ ሲሪንጁ ተጋድሟል፤ ከጎኑ በየወረቀታቸው የታሸጉ መርፌዎች ተደርድረዋል።

«ከጠርሙሱ መድኃኒቱን ባንዴ ሞላ አደርገዋለሁ፤ ለተራው ሁሉ እንዲበቃ። አንዱን እወጋለሁ። ከዚያ መርፌውን ነቅዬ እጥላለሁ፣ ለሚቀጥለው ሰው አዲስ እሰካለሁ። ለእያንዳንዱ አዲስ! ስንቱ ባንድ መርፌ ሰፈር ሲወጋ እኔ አንድ ቀን አድርጌው አላውቅም።»

«ሲሪንጁንስ?»

«ሲሪንጁ ምን ሆነ? ማታ ቤት ስገባ ይቀቀላል። እሱ ሰው ገላ ውስጥ አይገባ!»

«ከመግፋትህ በፊት ወደ ኋላ ትስበዋለህ?»

«ታዲያስ! ደም ሥር ወግቼ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሳብ አደርገዋለሁ፤ ደም ብቅ ካለ መርፌውን ወጣ አድርጌ ቦታ እቀይራለሁ። ጥንቃቄ እኮ ነው ልጄ።»

ላቦራንቷ ዓይኗን ጨፈነች። ብቅ ያለው ደም የት እንደሚገባ ታያት። ሲሪንጁ ውስጥ ካለው መድኃኒት ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ አዲስ፣ ንጹሕ መርፌ ተሰክቶለት ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። ከመጠጥ ቤቷ ሴት ወደ ሾፌሩ፣ ከሾፌሩ ወደ ባልቴቷ። የገበያው ሰው ደም ሁሉ ተራ ይዞ ባንድ ቱቦ ሲያልፍ ታያትና ሰውነቷን ሰቀጠጣት። 

ነገረችው። አላለዘበችም፣ አልጮኸችም፤ ካርታውን፣ ቢጫዎቹን፣ እግራቸው የታሰረውን አሮጊት፣ እንዳለ ነገረችው። አባቷ መጀመሪያ ተቆጣ። «እኔን ነው? ክሊኒኩ እነዚያን ሴቶች ወረፋ ላይ እየተጸየፈ ሲያባርር ማን ወጋቸው? ማን ቁስላቸውን አጠበ? በአልጋዬ ላይ አስቀምጬ ነው ያከምኳቸው!» አለ።

«አውቃለሁ አባዬ። እውነት ነው።»

ይህ «እውነት ነው» ከክርክር ሁሉ በላይ ጎዳው።  ሲሪንጁን ከጨርቁ ላይ አነሳና ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጎ አየው፤ ምንም አልነበረበትም፤ ጥርት ያለ ነበር። ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ።

«እናትሽ እግሯ…» አለ።

 እናቷ ካቻምና እስክትሞት ድረስ ከአልጋ አልወረደችም። ሰው ሁሉ ነርቭ ነው ይል ነበር። አባቷ ተሸክሞ ፀሐይ ያሞቃት ነበር፣ ፀጉሯን ያበጥርላት ነበር። ከዚያ በፊትም፣ ገና በእግሯ ስትሄድ፣ ድካም ድካም ይለኛል ስትለው ከገበያ ሲመለስ ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጎ ቫይታሚን ይወጋት ነበር። በአዲስ መርፌ። ሲሪንጁ የሚቀቀልበት ውሃ ገና ሳይጣድ። የቀኑ የመጨረሻ ታካሚ ሁልጊዜ እሷ ነበረች።

«የመጨረሻዋ እሷ ነበረች» አለ አባቷም፣ ልጁ ያሰበችውን የሰማ ይመስል። አልጋው ላይ ቁጭ አለ። እጀ ቀላሉ ያን ሁሉ ሰው ሳያሳምም የወጋበትን እጁን ከጭኑ አራቀው፤ የሌላ ሰው እጅ የነካው ይመስል ተጸየፈው።

በሩ ተንኳኳ።

«ጋሼ! አሉ? ያቺ ወገቤ ዛሬም ተነሳችብኝ።»

የሳቂታ ድምፅ ነው። አባቷ ቀና አለ። ዓይኑ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ ሳጥኑን፣ በመጨረሻ ልጁን አየ።

«የለም በያት» አለ በሹክሹክታ። «በእናትሽ ሞት። ዛሬን ብቻ ሸፍኚኝ።»

የአባት ገመና ይሸፈናል፤ ያደገችው ይህን እየሰማች ነው። የለም ብትላት ሳቂታ ትመለሳለች። አስተዳዳሪውም ይመጣሉ፣ አለቃውም በቅባታሙ ጣቱ ያንን ሰፈር ያሳያል፣ ጽዳቱም ይጀመራል። ሽማግሌው በተኮሰው ሸሚዙ፣ ሰው እንዳከበረው ይኖራል። እሷም ዝም ትላለች፤ በየቀኑ ካርታው ፊት ስትቆም እፎይታዋን እየዋጠች። ያ እፎይታ ዳግመኛ ወደ ጉሮሮዋ ሲመጣ አወቀችው። ከሽታው ሁሉ የከፋው እሱ ነበር።

የሳጥኑን ክዳን ገጥማ ብብቷ ስር ያዘችው። ድስቱን ከምድጃው አወረደች። በሩንም ሄዳ ከፈተች።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች ሳቂታ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ደሜን ልትመልሺልኝ ነው? ጋሼ የሉም እንዴ?»

«አለ» አለች ላቦራንቷ። በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ገፋችው። «ግቢ እህቴ። ዛሬ መርፌ የለም። የምንነግርሽ ነገር አለ።»

ሳቂታ እንደ ልማዷ ሳቀች። ሳጥኑን አየች፣ የልጅቷን ፊት አየች፣ ሳቋ መሃል ላይ ተቋረጠ። ከጀርባ የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ ተሰማ። ሽማግሌው ተነስቶ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ በዚያ ቀላል እጁ ወንበር ሳበላት።